የሀምዳን «ጉንቢሊሎ»

ልጄ ሉብና፣ አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥሽ፣ ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ። እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። በቆሎው ሳያሽት ደረቀ።

ወንድምሽን ሐይቁ ከወሰደው አርባ ቀን ሆነው። ሀምዳን ዓሣ አሥግሮ ሲመለስ፣ ያችን ከስልክ ቀልድ የለቀማትን ትርጉም የለሽ «ጉንቢሊሎ» ከደጅ ጀምሮ ይጮህ እንደነበር ታውቂያለሽ። «ቤት በሰላምታ ነው የሚገባው!» እያልሁ ስንቴ ተቆጣሁት። የመጨረሻ ቀንም ተቆጥቼው ነው የወጣ።

ዛሬ አገሩ ሁሉ እሷኑ ይላል፤ ገበያተኛውም፣ ባለባጃጁም። ለዱዓ የመጡት ሼህ እንኳ ከአፋቸው አመለጠቻቸው። በደጄ የሚያልፍ ሰው «ጉንቢሊሎ» ባለ ቁጥር ብድግ ብዬ በር እከፍታለሁ።

አላህ በዓይነ ሥጋ ያገናኘን። ስትደውዪ ግን፣ እናትሽ ልለምንሽ፣ ከሰላምታው በፊት እሷን በዪልኝ።