ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ቀድሞ የሚገባው

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬም ከሮቤ ወደ ጎባ ለመመለስ መናኸሪያ ቆሜ ደከመኝ። ሚኒባሱ ካልሞላ አይነሳም፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ ማንም አይገባም። ሁላችንም ውጭ ቆመን ሌላው እስኪሞላልን እንጠብቃለን። ክፍል ውስጥ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር ይህንኑ ምሳሌ አነሳለሁ። ቀድሞ የሚገባው ጊዜው የረከሰበት ሰው ነው ስላቸው ተማሪዎቼ ይስቃሉ።

ሁልጊዜ ቀድመው የሚገቡት ሐጂ ከድር ነበሩ፤ ገበያ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ከገቡ ሰው ይከተላል። ባለፈው ሳምንት፣ "ሐጂ፣ ምን ያስቸኩልዎታል? መኪናው እንደሆነ ቶሎ አይነሳ!" አልኳቸው።

"ባርሲሳ፣ ወላሂ አልቸኮልኩም" አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። "እኔን ቤት የሚጠብቀኝ የለም። እናንተን የሚጠብቃችሁ አለ። ቶሎ እንዲሞላላችሁ ብዬ ነው።"

ስሌቴ ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ግን ደስ አላለኝም።

ዛሬ ሐጂ አልነበሩም። ረዳቱን ብጠይቀው፣ "ልጃቸው ከአዳማ መጥታ ይዛቸው ሄደች፣ አልሐምዱሊላህ" አለኝ። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ፊት ይገርፋል። ሰው ሁሉ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። አጠገቤ ያለችው ሴት ስልኳ ደጋግሞ ይጮኻል፤ "መጣሁ፣ መጣሁ" ትላለች። የእኔ ስልክ ባለቤቴ ጊኒር እናቷ ቤት ከገባች ወዲህ በዚህ ሰዓት ጮኾ አያውቅም።

ገባሁና የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወዲያው ሰዉ ተከትሎኝ መግባት ጀመረ።