የሰቡት ጠቦቶች

ማንኩሳ፣ ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለምራቴ ለያምሮት፣

ከእናት ከአባትሽ ጋር እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ባልሽ ተስፋውም ከጉንፋን በቀር ደህና ነው። ስልኬን የማታነሽው ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አልተቀየምኩሽም። በስልክማ ቢሆን ወሬ አበዛና ዋናውን እረሳዋለሁ። ስለዚህ ሟቹ ባለቤቴ ባስቆጠሩኝ ፊደል ይህን ጻፍኩልሽ። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። እሺ፣ ሳቂ።

ወሬው የጠቦቶቹ ነው። ሦስቱ ሲሞቱ “አድንቃ በዓይኗ በላቻቸው” ብዬሽ ወደ ወላጆችሽ ከሄድሽ በሦስተኛው ሳምንት፣ ግንባረ ቦቃውም ሞተ። አመሻሽ ላይ ሲዘል ነበር፤ ጠዋት አራት እግሩን ዘርግቶ አገኘነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ “ዓይኗ ከወላጆቿ አገር ከሽንዲ እዚህ ድረስ ይደርሳል እንዴ?” አልኩ። ተስፋው ሰማኝ። ቁጡ አለመሆኑን ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን፣

“እማዬ፣ እርስዎ ሚስቴን በሰፈሩ ሴቶች ፊት አዋረዷት። ይሄንንስ ማን አደነቀው?” አለኝና በጉን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ፍኖተ ሰላም ወደ እንስሳት ሐኪም ይዞት ሄደ። እኔም ተከተልኩት።

ሐኪሟ ሕሊና ትባላለች፤ በዕድሜ ካንቺ ብዙም አትርቅ። ሆዱን ከፍታ አንጀቱን አሳየችኝ፤ እንደ በርበሬ ቀልቷል። “ዓይን ነው” አልኳት። አልሳቀችብኝም።

“እማማ ሀብትነሽ፣ የሞቱብዎት የትኞቹ ናቸው? ከሲታዎቹ ወይስ የሰቡት?”

“የሰቡት ናቸው እንጂ! ሁልጊዜ ምርጦቹ። ለዚህ እኮ ነው ዓይን ያልኩት።”

“ብዙ እህል የሚበላውም የሰባው ነው” አለችኝ።

ከዚያ አስረዳችኝ። የአንጀት ግድግዳ የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ፣ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ነገሮች ነው። በበግ ሆድ ውስጥ የሚኖር ጀርም ደግሞ አለ፤ ጥቂት ሲሆን አይጎዳም። እህል ሲበዛለት ግን ይራባና መርዝ ያመነጫል። መርዙ ፕሮቲን ነው፤ ብዙው ተያይዞ ክብ ይሠራና የሕዋሱን ቆዳ ይበሳዋል። በቀዳዳው የውስጡ ይፈስሳል፣ የውጩ ይገባል፣ ሕዋሱ ይሞታል። ግድግዳው ሲፈርስ መርዙ ከደም ይቀላቀላል፤ በጉም ሳይታመም የሞተ ይመስላል።

“መበሳት እንዲህ ክፉ ነው?” አልኳት።

“ሁልጊዜ አይደለም። የእኛም የአንጀት ሕዋስ ጀርም ሲገባበት ራሱን በስቶ የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ ጎረቤቶቹ በዚያ አውቀው ይዘጋጃሉ። ያለ በሽታም ቢሆን በአራት በአምስት ቀን አሮጌው እየረገፈ በአዲስ ይተካል።”

“እኔ ስድሳ አራት ዓመቴ ነው። አንጀቴ ግን የአምስት ቀን ሕፃን ነው ማለት ነው?”

ሕሊና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ግን “እህሉን የሚሰፍርላቸው ማነው?” ብላ ጠየቀች።

“ሚስቴ ነበረች” አላት ተስፋው። “በእፍኝ ለክታ፣ ከድርቆሽ ጋር ደባልቃ።”

“እንደዚያ ከሆነማ መሞት አልነበረባቸውም።”

ያምሮት ልጄ፣ አንቺ ገበያ ስትሄጂ፣ ወደ ወላጆችሽ ከሄድሽም በኋላ፣ እኔ በቆሎ በሰፌድ እጨምርላቸው ነበር። ለገና ቶሎ እንዲሰቡ ብዬ ነው። መለካትሽ ስስት መስሎኝ ነበር። ለማንም ሳልናገረው የኖርኩትን እዚያው ሐኪሟ ፊት አወጣሁት። ተስፋው ቀና ብሎ አየኝ። ስንመለስ ግን ነጠላዬ ከትከሻዬ ሲንሸራተት አነሣልኝ።

በሳምንቱ ሕሊና ክትባት ይዛ ወደ ሰፈራችን መጣች። ሰዉ በጉን እየጎተተ ተሰበሰበ፤ በፊታቸው ያዋረድኩሽ ሴቶችም ሁሉ ነበሩ። ተነሣሁና “ያምሮት ዓይኗ ክፉ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ጠቦቶቹን በበቆሎ የገደልኳቸውም እኔ ነኝ” አልኩ። ወዲያው የእህተ ማርያም በግ ከመርፌው አምልጦ ሐኪሟን ጥሏት ሮጠ፤ ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬንም ማንም ሳያየው ጠረግሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም በግ አልሞተብንም።

ሽማግሌ ልልክብሽ አስቤ ነበር። ተውኩት፤ ሽማግሌ ጥፋቴን ሲያለዝብልኝ መስማት አልፈለግሁም። ቅዳሜ ራሴ በቡሬ በኩል ሽንዲ እመጣለሁ። ተመለሽ ልልሽ አይደለም፣ ይቅር በይኝ ልልሽ ነው። መመለሱን አንቺ ታውቂያለሽ።

ተስፋው መምጣቴን አያውቅም። ትናንት ግን ጫማውን ሲያጥብ አገኘሁትና “የት ልትሄድ ነው?” ብለው፣ “ዘንድሮ የሽንዲ መንገድ አቧራው እንዴት ነው?” ብሎ መልሶ ጠየቀኝ። እኔና እሱ ሳንነጋገር ባንድ መኪና ተሳፍረን ብንመጣ ምን ትያለሽ?

ለእናት ለአባትሽ ጉልበት ስሜያለሁ በይልኝ። እመቤታችን ከክፉ ሁሉ ትጠብቅሽ፤ ደጃችሁ ሰላም ይሁን።

አማትሽ፣
ብትፈቅጂልኝም እናትሽ፣
ሀብትነሽ