የጣመኝ ዱባ

ሰኞ፣ ሰኔ 3

ልብስ አጠብኩ። ሰማዩ ስላጉረመረመ ውስጥ አሰጣሁት። ድንች ቀቅዬ አንዱን ልጬ ጎረስኩ። ጥቂት እንዳኘክሁ መንጋጋዬ ዛለ። እንቢ አለኝ። አገጬን በእጄ ደግፌ፣ ሰው እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ ጨረስኩት... ቤት ውስጥ ማን አለና ነው የምደበቀው? ሐዘን ነው አልኩ። ልጄን፣ ቀጭኔ ብለን የምንጠራትን፣ ከቀበርን ወዲህ መቼ እህል በደንብ ወርዶልኝ ያውቃል?

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ሐዘን ብቻ አይደለም አለች ሐኪሟ። ጡንቻ የሚያደክም በሽታ ነው። መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ግን አይሠራም። እስከዚያ የሚታኘክ ነገር የለም። ሁሉም ተፈጭቶ።

"ከዚህ በላይ ከከሱ ግን፣ እናቴ፣ በሆድዎ በኩል ቱቦ ማስገባታችን ነው።"

በሆዴ? ባሌ ነው የደነገጠው። ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ "መፍጨቱን ለእኔ ተዉት" አላት።

ሻይ እንኳ አፍልቶ የማያውቅ ሰው... ወይ ጉድ።

አርብ፣ ሰኔ 7

ጁስ መፍጫ ከጎረቤት ተውሶ መጣ። ድንቹን፣ ካሮቱን፣ ምስሩን፣ ቆስጣውን፣ እንቁላሉን ሳይቀር አንድ ላይ ከተተው። የወጣው መልኩ ሲሚንቶ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ምሳ።"

"ልትለስነኝ ነው?"

ሊስቅ ነበር። ከመሃል ተወው። ልጃችን ከሄደች ወዲህ እንዲህ ሆነናል፤ ሳቅ ይጀመራል፣ አያልቅም። ስሟንም አንጠራም። እሱም አይጠራም፣ እኔም።

በላሁት። ምንም ምንም አይልም። እንደሱ መሆኑ ተስማማኝ። እንደ መድኃኒት መዋጥ ነው፤ በቃ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11

ዛሬ ዱባ ብቻ። ምድጃ ውስጥ ከነልጣጩ ጠብሶ፣ ፈጭቶ፣ ከዚያ ደግሞ በወንፊት አወረደው።

"አሸዋ ሳይነፋ ልስን አይሆንም" አለኝ። ወንፊቱን አፍጥጬ ሳየው "አዲስ ነው፣ አትፍሪ፣ የአሸዋው አይደለም።"

ወተት ጠብ አድርጎበታል። ቅቤም ትንሽ። አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ሞቅ ያለ ነው። ይጣፍጣል፤ ዳር ዳሩ ያረረው እንኳ ይሸታል። ምላሴ ላይ ተኝቶ ራሱ ወረደ። ደገምኩ። ሠለስኩ። ስነቃ ሳህኑን እየፋቅሁ ነው።

ጣመኝ።

ደነገጥኩ። ልጇን አፈር ያለበሰች ሴት ሳህን ትፍቃለች? ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ማንኪያውን አስቀመጥኩ።

"ምነው?"

"በቃኝ።"

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15

ዱባው ያልተስማማኝ መስሎታል። ዛሬ ለየብቻ ሠራ። ቀይ ስር በአንድ በኩል፣ ድንች በወተት በሌላ በኩል፣ አረንጓዴ አተር መሃል። አንዱ ሌላውን አልነካም፤ ጠርዛቸው እንደ ግድግዳ ቀለም ቀጥ ብሏል። ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። ደስ ይላል ብዬ መጻፌ አስደነገጠኝ።

አተሩን ቀመስኩ... ወዲያው ተውኩት።

"መረረሽ?"

ራሴን ግራ ቀኝ ነቀነቅሁ።

"ጎረበጠሽ?"

አሁንም ነቀነቅሁ። ሳህኑን አንስቶ ገባ። እንደገና ሲነፋው ተሰማኝ። እሱ ባሳመረው ቁጥር እኔ እተወዋለሁ። ምን ብዬ ልንገረው?

ረቡዕ፣ ሰኔ 19

ሚዛን ላይ ወጣሁ። ከስቻለሁ። "እስከ ሰኞ ካልጨመሩ ቱቦው ግድ ነው" አለች ሐኪሟ።

ቤት ስንገባ ባሌ ቀጥታ ወደ ጓዳ። መፍጫው ፊት ቆመ።

"ለአንድ ሰው የሚጥም ነገር መሥራት ያቃተኝ..." አለ። ለእኔ አይደለም፤ ለመፍጫው ነው።

ያኔ አመለጠኝ።

"ስለጣመኝ ነው።"

"እ?"

"ስለጣመኝ ነው የተውኩት። እሷ እዚያ ተኝታ እኔ እዚህ ሳህን ስፍቅ..."

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መሬት መሬቱን ያያል።

"ዱባውን የሠራሁ ቀን ድስቱን ላስኩት።"

"ምን?"

"በጣቴ። ጥግ ጥጉን ሳይቀር። ከዚያ ደነገጥኩ። ሰው የገደልኩበት ይመስል ድስቱን ፈትጌ ፈትጌ አጠብኩት።"

ተያየን። አንድ ጣሪያ ሥር፣ እሱ ጓዳ እኔ ሳሎን፣ አንድ ዓይነት ድንጋጤ... ሳንነጋገር።

"ቀጭኔ ብታይህ" አልኩት። ስሟ ከአፌ ወጣ።

አልሸሸም። "'አባዬ፣ ለእኔ ሳታስቀር?' ነበር የምትለኝ። የዚህ ቤት ድስት ላሽ እሷ አልነበረች?"

"'በሠርግሽ ቀን ይዘንባል' እያልኩ ስቆጣት..."

"'ይዝነብ፣ ጃንጥላ ይከራያል' ትልሽ ነበር።"

ሳቅን። እስከ መጨረሻው። ከዚያ አለቀስን፤ ያንንም እስከ መጨረሻው። ጠዋት የፈጨው ድንች ቀዝቅዞ ነበር። አሞቀው። ከአንድ ሳህን በላን። እሱ መንጋጋው ደህና ሆኖ ሳለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 24

ጨምሬያለሁ። ብዙ አይደለም። ቱቦው ለጊዜው ቀረ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 1

ዛሬም ዱባ ሠራ።

"ጨው አንሶታል" አልኩት።

"እሰይ። አሁን ዳንሽ። ደህና ስትሆኚ ነው የምታማርሪው።" ጨው አመጣ።

ሳህኑን ጨረስኩ። ድስቱን አመጣና መሃላችን አኖረው፤ ጥግ ጥጉ ላይ የተጣበቀ አለ። ውጭ ይዘንባል። ማንኪያዬን አስገብቼ ፋቅሁ።

ጣመኝ። ዛሬም ደነገጥኩ... ማንኪያውን ግን አላስቀመጥኩም።