ከመቃብርህ የነቀልናቸው ድንጋዮች

አባዬ፣

እንደምን አለህ አልልህም፤ ያለህበትን አንተው ታውቀዋለህ። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። እናቴ ደህና ናት፤ ሬዲዮህን በየጠዋቱ ትከፍተዋለች፣ ዜናውን ግን አትሰማውም። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ወደ ሕፃናት ክፍል ተዛውሬአለሁ። ወንድሜ ሲሳይ መኪና ገዛ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ በመኪናዋ ከጎንደር በአይከል መንገድ ወጣን፤ ጂኦግራፊ ስታስተምር ተማሪዎችህን የምትወስድበትን የሽማግሎቹን ድንጋይ ልናይ።

መጀመሪያ እኛን የወሰድከን ቀን ትዝ ይልሃል? ተረቱን አስቀደምክ። ሰባት ሽማግሎች የማር ጉቦ በልተው የመበለቲቱን መሬት ለባለጠጋ ፈረዱ፤ እንደቆሙም ድንጋይ ሆነው ቀሩ። ሲሳይ ፈርቶ እግርህን ሲያቅፍ ሳቅክና እውነቱን ነገርከን፤ ከምድር ሆድ የፈላ አለት ወጥቶ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ፣ ባለ ስድስት ጎን ምሰሶ እንደሆነ። ሰው ሳይፈጠር የቆመ ነውና ዝም ብላችሁ እዩት አልከን። አንጋጠን አየነው።

አባዬ፣ አሁን የተቀበለን ሽታው ነው። ሽንት፣ ሽርሽር የመጣ ሰው የጣለው ዳይፐር፣ የበሰበሰ አጥንት፣ ዝንብ። ምሰሶዎቹ ላይ በቀይ ቀለም የፍቅረኞች ስም ተለቅልቋል። ቁስል ማጠብ የለመድኩት እኔ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሽማግሎቹን ቆጠርኩ። አምስት። ሁለቱ ከጉልበታቸው ተቆርጠዋል።

ከታች የሚያርሱ አያ ታደሰ የሚባሉ አዛውንት ወደ እኛ ወጡ። ማን ቆረጠው ብላቸው፣ "ምነው ልጄ፣ እናንተው ናችሁ እንጂ! ለጎንደር ሰው መቃብር እየተባለ ነው የሚጫን" አሉኝ።

ሲሳይን አየሁት። አንገቱን ደፋ። ያኔ ገባኝ። መቃብርህ ዙሪያ የቆሙት አራት ጥቁር ድንጋዮች ባለ ስድስት ጎን ናቸው፤ ሁለቱ ሽማግሎች ለሁለት ለሁለት ተቆርጠው! ሙት ዓመትህ ላይ በመዳፌ እየዳሰስኩ "የጠራቢው እጅ ይባረክ" ያልኩት እኔው ነኝ።

"ከየት እንደመጣ አውቄ ነው የገዛሁት" አለኝ። "ይወደው ስለነበር አጠገቡ ይሁን ብዬ።"

ተቆጥቼ አውቃለሁ፤ ይህ ግን ቁጣ አልነበረም። ወንድሜን ተጸየፍኩት። መዳፌን ሳይ ደግሞ ራሴን።

ማክሰኞ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደን ድንጋዮቹን ነቀልናቸውና መልሰን ወሰድናቸው። አያ ታደሰ "የወለቀ ጥርስ ቢመልሱት አይበቅልም" አሉ። እውነታቸውን ነው። ከጉቶዎቹ ሥር አጋድመናቸው መጣን።

አሁን መቃብርህ ላይ ስምህ የተጻፈበት የእንጨት መስቀል ብቻ አለ። እናቴ አለቀሰች። ጎረቤት የአባታቸውን ሐውልት የነቀሉ ልጆች ይለናል። ይበል። ከሲሳይ ጋር እንደ ቀድሞው አልሆንንም፤ ዓይኑን እሸሻለሁ። ትናንት ግን መቃብርህ ላይ ሳር ተክሎ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲመጣ፣ እጁን አስታጠብኩት።

አልረሳህም፣ አባዬ። በየወሩ መጥቼ አፈርህን አስተካክላለሁ፣ ስምህንም በየቀኑ እጠራለሁ። በስምህ ግን ከእንግዲህ ድንጋይ አይሰበርም።

ልጅህ