አንቀጽ ስድስትና የእትዬ ውባለም ጋን

ጥር 2 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ሸዋ ሮቢት
ሙቀት። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ሦስት ደብዳቤ ተረጎምኩ፤ ሁለቱ ስለ በቅሎ፣ አንዱ ስለ ድንጋይ። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት በማዕረግ የወጣሁት ለዚህ ነው? የጣሊያን አስተርጓሚ ነኝና አንዳንዱ መንገድ ላይ ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። አልፈርድበትም። ግን እኔ ባልተረጉም ሌላው እያጣመመ ይተረጉመዋል። አንድ ቀን ለሰው የሚጠቅም ነገር በእጄ ያልፋል... መቼ?

ጥር 4
ዛሬ ይመስለኛል። ከዋናው መሥሪያ ቤት አሥራ ሰባት አንቀጽ ያለው የመጠጥ ደንብ ደረሰ። ወይን፣ ጠጅ፣ አረቄ... ማን ይጥላል፣ ማን ይሸጣል፣ በምን ዕቃ። እስከ ጥር 30 ፈቃድ ያላወጣ ጋኑ ይሰበራል፣ ቤቱ ይዘጋል።
ገበያ መሀል ቆሜ አነበብኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። የማር ነጋዴው ጋሽ ጀይላን አህያቸውን ተደግፈው ሰሙና፣ "አሥራ ሰባት? ንቧ ስንት አንቀጽ አላት?" አሉ። ገበያው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ፊቴን በወረቀቱ ሸፍኜ።

ጥር 7
እትዬ ውባለም ቢሮ መጡ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጠጅ ቤት የሳቸው ነው። ባላቸው ማይጨው ቀርተዋል፤ ሁለት ሴት ልጆች የሚያድጉት በዚያ ቤት ነው።
"አንተ የተማርከው ልጅ፣ ይሄ ፈቃድ እንዴት ነው የሚገኘው?"
አንቀጽ ስድስትን አነበብኩላቸው። ጋኑ አየር እንዳይገባው ታሽጎ ይቆይ፣ ሹሙ ራሱ ከፍቶ ይቅመስ፣ ከወደደው ይፍቀድ።
"አየር እንዳይገባው?"
"አዎ።"
"ጠጅ እኮ ይተነፍሳል፣ ልጄ።"
"እትዬ፣ የተጻፈ ነው" አልኳቸው።

ጥር 8
የእትዬን የጠጅ ጋን አሸግሁት። ጌሾ ከገባበት ገና ሁለት ቀኑ። በሰም፣ በሰሙ ላይ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ማኅተም። እትዬ በሩ ላይ ቆመው "አፈንከው" አሉ። ማኅተሙ ግን እንዴት ያምራል።

ጥር 11
ጥምቀት። ከተማው ሁሉ ውጭ ነው፣ ጭፈራው ልክ የለውም። የእትዬ ውባለም ቤት ብቻ ጭር ብሏል፣ የሚቀዳ የለማ። በዚያ ሳልፍ ከውስጥ ጉርምርምታ የሰማሁ መሰለኝ። ጆሮዬ ይሆናል...

ጥር 12
ፈነዳ።
ዛሬ ቃና ዘገሊላ ነው፣ ጌታ ውኃውን ወይን ያደረገበት። እኔ ደግሞ ጠጁን ጭቃ አደረግሁት። ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ሰሙ ጣሪያው ላይ፣ ጋኑ ለሁለት ተከፍሎ። ወለሉን ንብ ወሮታል። የጎረቤት ዶሮዎች ሰክረው እርስ በርስ ይጋጫሉ።
እትዬ ውባለም መደቡ ላይ ተቀመጡ። ስድብ ጠበቅሁ። "የነበረኝ ማር ይኸው ነበር" አሉ ብቻ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 13
ጋሽ ጀይላን ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ለእትዬ የሚተካ ማር ለመንኳቸው። ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ።
"ማሩ ለጠጅ ነው አትበለኝ" አሉ። "እኔ ሸጬ ዘወር እላለሁ፣ የት እንደገባ አልጠይቅም። ለሰበርኩት ካሳ ነው በለኝ።"
"ለሰበርኩት ካሳ ነው፣ ጋሼ።"
"ኸይር። ውሰድ።"
በምትኩ የመሬት ማመልከቻቸውን ልጽፍ ተስማማን። ስወጣ ከኋላዬ፣ "አንቀጽህ እንዳለ ከሆነ ይሄም ይፈነዳል" አሉ። ለካ ይህን አላሰብኩበትም ነበር።

ጥር 15
ለአለቃዬ፣ ለጣሊያኑ ሹም ለሲኞር ሩጄሮ፣ ጠጅ ሲታፈን እንደሚፈነዳ ነገርኩት። ቀና ሳይል "የተጻፈ ነው" አለኝ። ለእትዬ ያልኩትን ቃል በቃል። ጆሮዬ ጋለ።
ከተሰበረው ጋን ታችኛው ግማሽ የተረፈውን ጠጅ እትዬ ከነጌሾው ሰጡኝ። በሹሙ ባዶ የወይን ጠርሙስ ሞላሁት፣ በቡሽ ደፈንኩ፣ ሰም አፈሰስኩ፣ ማኅተም። "በአንቀጽ ስድስት መሠረት የቀረበ ናሙና" ብዬ ጠረጴዛው ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ጥግ አኖርኩ። ቢያስረኝስ?

ጥር 16
አምስት ሰዓት ላይ ሹሙ እየፈረመ ሳለ ቡሹ ጣሪያውን መታ። ጠጁ ተከተለ። በጢሙ፣ በሸሚዙ፣ በአሥራ ሰባቱም አንቀጽ ላይ። ደንቡ ራሱ ሰከረ።
እኔ እንደ ምሰሶ ቆሜአለሁ። ሹሙ ጢሙን ላሰ። እንደገና ላሰ።
"አባቴ አዲሱን ወይን አይደፍነውም ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም... በል፣ አንቀጽ ስድስትን አስተካክለህ ጻፍ።"
"ምን ብዬ?"
"እኔ ምን አውቄ። ሴትዮዋን ጠይቃት።"
ሮጥኩ። እትዬ ተናገሩ፣ እኔ ጻፍኩ። አፉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፣ ጨርቁ በገመድ ይታሰር፣ ማኅተሙ ቋጠሮው ላይ ይሁን። ሹሙ ፈረመበት። በሕይወቴ ያማረ ነገር ጻፍኩ ብል ይህ ነው።

ጥር 17
በጋሽ ጀይላን ማር ለሚጣለው አዲስ ጠጅ ቀኑን ሙሉ ጌሾ ስወቅጥ ዋልኩ። "ስለ ጠጅ የጻፈ እጅ ጌሾ ይቅመስ" ብለው ሙቀጫውን የሰጡኝ እትዬ ናቸው። መዳፌ ተላጠ። ልጆቻቸው አመታቴን እያዩ ይስቁብኛል። ምነው እንዲህ ደስ አለኝ?

ጥር 28
ሹሙ መጣ። ቋጠሮው አልተነካም። ተፈታ፣ ቤቱ በጠጁ መዓዛ ተሞላ። ብርሌ ቀረበለት። አልጠጣም... ፈራ። ጣሊያኖቹ ከዚህ አገር ሰው እጅ መጠጣት ይፈራሉ፣ ምክንያትም አላቸው።
እትዬ ውባለም መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ።
"ምን ማድረጓ ነው?" አለኝ።
"የሠራ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል። ልማዳችን ነው።"
ጠጣ። ደገመ። ፈረመ። የሸዋ ሮቢት የመጀመሪያው ፈቃድ። ልጆቹ እልል አሉ። ጋሽ ጀይላን ጌሾ ያልነካው ብርዝ ተቀድቶላቸው ደጃፉ ላይ፣ "እኔ የመጣሁት ልጁ ሲታሰር ለማየት ነበር" እያሉ ሰውን ያስቃሉ።
ሹሙ ሲሄድ አዲስ ደብተር ገዛሁ። ይህች አገር ለባለቤቶቿ ትመለሳለች፤ ያኔ የራሳችን ደንብ ያስፈልገናል። ካሁኑ ልጀምረው። መሥሪያ ቤት አላኖረውም፤ ቢገኝብኝ አንገቴ ነው። እትዬ ከጌሾው ጆንያ ሥር ቦታ ሰጥተውኛል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህን አሰፈርኩ፦
አንቀጽ አንድ። የሠራ ሰው አስቀድሞ ይቅመስ። ጠጅም ቢሆን፣ ሕግም ቢሆን።