የሥነ ምግባር ጉድለት ስለተገኘባት አዋላጅ እህቴ

ይድረስ ለተከበሩት የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎን፣ ጉልበትዎን፣ በተለይም ሰው ተሰልፎ ሲጠብቅዎ ቀና የሚለውን አንገትዎን ደኅና ያድርግልኝ። እኔ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ያገዷት አዋላጅ ታላቅ እህት ነኝ።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። «ሥነ ምግባር» የሚለውን ቃል ትርጉሙን ሳላውቅ ይህን ያህል ዘመን ኖሬያለሁ። እናታችን ያስተማረችን የተቸገረን ሰው አይቶ አለማለፍንና ማንም ባያይ እንኳ አለመዋሸትን ነበር፤ ምስኪን፣ እርስዎን ሳታገኝ ሞተች። ከእርስዎ የተማርኩትን እነሆ፦

፩ኛ፣ ሥነ ምግባር ማለት ለካ ጠዋት መኪናዎ ግቢ ሲገባ ሠራተኛው ሁሉ የያዘውን ጥሎ በር ላይ ተሰልፎ እርስዎን መቀበል ኖሯል። እህቴ በዚያን ዕለት አልተሰለፈችም። የሕፃኑ ራስ ወጥቶ ትከሻው ገና ስለነበር እጇን ከእናቲቱ ላይ ማንሳት አልቻለችም። ይህን ብታስረዳዎ «ሰበብ ነው» አሏት። ሰበቡ ዛሬ በሰላም ጡት እየጠባ ነው።

፪ኛ፣ ሌላዋን ምጥ የያዛትን ሴት ብቻዋን ትቶ ወደ ሰልፉ የሮጠው ባልደረባዋ በአርአያነት ተመሰገነ። ሴትዮዋ ከአልጋ ወድቃ ስትጮኽ የደረሰችላት የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ይህን ስሰማ፣ ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝና፣ አስጠሉኝ።

፫ኛ፣ ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የሽቶዎ ብዛት ምንም እንዳይሸተኝ ስላደረገ አመሰግናለሁ።

ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲሰበሰብ እህቴ በሠራተኛው ፊት ይቅርታ ካልጠየቀችዎ ትባረራለች። አትጠይቅም። የምትወደውን ሥራ ልታጣው ነው፤ እኔም ስታለቅስ እያየሁ የእርስዎን ጨዋነት ለማድነቅ እየታገልኩ ነው።

ረጅም ዕድሜና ከዕድሜዎ የረዘመ ሰልፍ እየተመኘሁ፣ ግንባሬ መሬት እስኪነካ እጅ የምነሳዎ፣

የአዋላጇ ታላቅ እህት

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ ትናንት ባለቤትዎ ቤታችን መጥተው ነበር። የልጅዎ ሚስት ወሯ ገብቷልና ከእህቴ እጅ በቀር ሌላ እንደማያምኑ ነግረው ለመኗት። ለእርስዎ እንዳልነግርም አደራ ብለውኝ ነበር፤ ሥነ ምግባር ስለሌለኝ ነገርኩዎ። እኔ በሩን ልዘጋባቸው ነበር። እህቴ ግን ምጡ በመጣ ሰዓት ጥሩኝ፣ እመጣለሁ አለቻቸው።