ለካሴቷ ሴትዮ የተተወ ቦታ

ለሩቅ እህቴ፣

ሰላምታዬ አንቺ ካለሽበት ከአዲ አርቃይ በደህና ይድረስ። እንዴት ከርመሽልኛል? ልጆቹስ? የጠመኔው ብናኝ ጉሮሮሽን እንዳይጎዳብኝ እሰጋለሁ፤ አስተማሪ ለጉሮሮው አይሳሳም። እኔ በጎንደር ደህና ነኝ። ላብራቶሪውም እንደነበረ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ደም ስመረምር እውልና ማታ ዘፈን ሳዳምጥ ሰው እሆናለሁ።

ቴሌግራምሽን ዘግተሽ «ካሴት ቤት» ከሚለው ቡድናችን ከወጣሽ ወዲህ ግን ሰው መሆኑም ቸግሮኛል። ስልክ ብትዘጊብኝ ማኪና አልተዘጋም ብዬ፣ በዚያ መስመር ለሚነዳው ለአለበል ይህን ወረቀት ሰጠሁት። ከአንቺ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ አስምዬዋለሁ። ምነው ግን? ሳይሰናበቱ መሄድን ከማን ተማርሽ?

ተቆጥቼብሻለሁ፤ ቁጣዬ ግን ከአድናቆቴ አይበልጥም። እኛ ሌሎቻችን ዘፈን እንለጥፍና «ኧረ ስሙልኝ!» ብለን እናልፋለን። አንቺ ስንዴ እንደሚለቅም ሰው ነሽ። ያን የሳንጃ የሠርግ ዘፈን የላክሽልን ጊዜ፣ ዘፈኑን የያዘችው አውራጇ ሳትሆን ከኋላ የምትቀበለዋ ሴት ናት አልሽን። መልሼ ሰማሁት፤ እውነትሽን ነው። ከዚያ ወዲህ ተቀባዮቹን ካልሰማሁ ዘፈን ሰማሁ አልልም። ጆሮዬን ያቀናሽው አንቺ ነሽ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺን የካሴት ሴትዮ ሰጠሽን። ከአክስቴ ሣጥን የተገኘ የድሮ ካሴት ነው፣ ዘፋኟን የሚያውቃት የለም እያልሽ ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ላክሽልን። ያለ ማሲንቆ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ብቻዋን። የመጀመሪያውን ስሰማ የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል።

አንድ ጊዜ ለአንቺ ብቻ፣ በግል፣ ራሴ የገጠምኩትን ስንኝ ልኬልሽ ነበር፤

ሊማሊሞ ገደል መንገዱ ቢከፋ፣
ድምፅ ይወጣ የለም ወይ እግሩ ሳይለፋ።

ብዙም ሳይቆይ የካሴቷ ሴትዮ ይህንኑ ዘፈነችው! ያ እኔ ሳልወለድ ተቀዳ ያልሽው ካሴት! ለአዝማሪ የተሰጠ ግጥም መሬት አይወድቅም፤ ከሰጧት መቀበል በደሟ ነው። በሳቅ ልሞት ነበር። ለማንም ግን አልተነፈስኩም። ካሴት ተአምር ይሠራል ብዬ አመንኩ፤ ዛሬም ከዚህ እምነቴ አልወጣሁም።

ሙሉቀን ቡድኑ ላይ፣ ይህች ሴት የየትኛው አዝማሪ ቤት ልጅ ናት ብሎ ሲጠይቅ ክፉ አላሰበም፤ ወዷት ነው። አንቺ ግን በዚያው ቀን ጠፋሽ። አያትሽ በቆላ ድባ በኩል ማሲንቆ ይዘው ይዞሩ እንደነበር፣ ይህንንም ለባልሽ ቤተሰብ እንዳትነግሪ እናትሽ እንዳስጠነቀቁሽ አጫውተሽኛል። ስለዚህ ፍርሃትሽ ይገባኛል። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ የሚያውለው ሰው እዚህም አልጠፋም፤ ልጁን ሲድር ግን ያለ አዝማሪ አይሆንለትም። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። አንቺ ከቀረሽ እሷም ዝም ትላለች።

ቅር አይበልሽና፣ ድምጿን ለአንድ ሰው አሰምቻለሁ። አያ ካሣዬ ይባላሉ፤ እዚሁ አዝማሪ ቤት ማሲንቆ ሲመቱ ያረጁ ሰው ናቸው። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስኪያልቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ፣ ምነው እስከ ዛሬ ሳታሰሚኝ ብለው ተቆጡኝ። የማን ልጅ ናት እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር፤ አላሉኝም። እንዲህ ያለ ሸጋ ጉሮሮ ይዞ ዝም ማለት ኃጢአት ነው፣ ንገሪያት አሉኝ። እኔ አላውቃትም፣ የምታውቃት ጓደኛ ግን አለችኝ አልኳቸው።

ፖስታው ውስጥ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ አለች። አያ ካሣዬ ማሲንቋቸውን በእሷ ድምፅ ልክ ቃኝተው መጡና በስልኬ ቀዳኋቸው። ስትሰሚው መሀል መሀሉ ላይ ማሲንቆው ዝቅ ይላል፤ ደጋኑ ብቻ በቀስታ ይሄዳል። ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትጥይው። እኔም የደከማቸው መስሎኝ እንደገና ይምቱልኝ ብላቸው ገላመጡኝ። ያ የእሷ ቦታ ነው፣ እስክትገባ እየጠበቅኋት ነው አሉ።

አድርሽልኝ። ለሕዝብ ይቅር ካለች ይቅር፤ ለአያ ካሣዬና ለእኔ ብቻ ትዝፈንልን። ተማሪዎቿ ወደ ቤት ከሄዱ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ብትቀዳው ማንም አይሰማትም። አለበል ሐሙስ በዚያው ይመለሳል፤ አደራ ይችላል።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። የእሷንም ጉሮሮ ከጉንፋንም ከቡዳም ይጠብቅልን።

ፊትሽን አይታ የማታውቅ፣
ድምፅሽን ግን ከሺህ የምትለይ
እህትሽ
ከጎንደር